ሁለት ዓመቴን የበላው ደብዳቤ

የእኛን አገር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብሎ ይጀምራል። እገሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በድርጅታችን ሠርቷል ይላል። ደመወዙን ይጠቅሳል፣ የሥራ ግብሩ መቆረጡን ያረጋግጣል። «በቆይታውም ታታሪና መልካም ሥነ ምግባር ያለው...» ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ሐምራዊ ማኅተም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን አንድም ቃል የለም።

የእኔም እንዲሁ ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ ከሚገኝ ትንሽ ድርጅት የለቀቅኩት በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ዌብሳይት ስሠራ ኖሬ ደብዳቤዬ ላይ «የአይቲ ባለሙያ» ተብሎ ተጻፈልኝ። ቅር አላለኝም። ሰፈር ውስጥም «የኮምፒውተሩ ልጅ» ነው የምባለው። እናቴ ለጎረቤት ስትነግር «ኢንተርኔት ላይ ነው የሚሠራው» ትላለች፤ ኢንተርኔት መሥሪያ ቤት ይመስል።

ነገሩ ችግር የሆነው በፈረንጆቹ 2021 የአውስትራሊያ ፕሮሰስ ስጀምር ነው። አብሮ አደጌ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ነው የሚኖረው። «መጀመሪያ ኮድህን እወቅ» አለኝ በስልክ። ኮድ ሲለኝ የፕሮግራም ኮድ መስሎኝ ነበር። የሙያ ኮድ ማለቱ ነው።

አንዝስኮ የሚባል መዝገብ አለ። የአውስትራሊያና የኒው ዚላንድ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቶች በ2006 ያወጡት፣ በሁለቱ አገሮች ያለ ሥራ ሁሉ ቁጥር የተሰጠበት ነው። የተዘጋጀው ለቆጠራ ነበር። በኋላ የኢሚግሬሽን ሰዎችም ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን በዚሁ ለመለየት ተጠቀሙበት። ቁጥሩን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር ብላችሁ አስቡት። 2 ሲል ባለሙያዎች ማለት ነው። 26 የአይቲ ባለሙያዎች። 261 የቢዝነስና የሲስተም ተንታኞችና ፕሮግራመሮች። 2612 የመልቲሚዲያ ባለሙያዎችና ዌብ ዴቨሎፐሮች። መጨረሻ ላይ 261212፣ ዌብ ዴቨሎፐር። ቤቴን አገኘሁ ማለት ነው።

ከዚያ ጎረቤቶቼን ማየት ጀመርኩ። ዌብ ዲዛይነር እኔ አጠገብ የለም። ቁጥሩ 232414 ነው፣ ከአርክቴክቶችና ከቀያሾች ጋር አንድ ግቢ ይኖራል፣ ሙያውን ለቪዛ የሚመዝነውም ሌላ ተቋም ነው። ዌብ አድሚኒስትሬተር ደግሞ 313113 ሆኖ ወደ ቴክኒሺያኖቹ ወርዷል፤ የሙያ ደረጃውም ከእኔ ዝቅ ያለ ነው። እኔ በአንድ ቀን ሦስቱም ቤት አድር ነበር። ጠዋት ደንበኛው «ቀዩ በጣም ቀላ» ያለውን ሎጎ አስተካክላለሁ። ከምሳ በኋላ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማን ዶሜይን፣ ማለትም የዌብሳይት አድራሻ፣ ጊዜው ሊያልፍበት እንደሆነ አያለሁ። ልወጣ ስል የሥራ አስኪያጁ ፕሪንተር ወረቀት ይበላል። ለእሱም ቁጥር አለው፣ 313111።

የእኔን ቡድን መግለጫ ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ። እዚያ የተመዘገቡት ሰዎች የምስልና የድምፅ ሥራ ከሚያዘጋጁላቸው ነገሮች መካከል ሲዲ-ሮም ይገኝበታል። ሲዲ-ሮም! ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ እንኳ የለውም። በ2006 የተጻፈ ዓረፍተ ነገር በ2021 የእኔን ዕድል እየወሰነ ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ከአጥር ማዶ ነው። 2612ን ተሻግሮ 2613 አለ፦ የሶፍትዌርና የአፕሊኬሽን ፕሮግራመሮች። ዴቨሎፐር ፕሮግራመር 261312፣ ሶፍትዌር ኢንጂነር 261313። እነሱ ያኔ በረጅም ጊዜ ተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ስለነበሩ 189 በሚባለው ቪዛ የትኛውም ስቴት ሳይደግፋቸው በራሳቸው ነጥብ መወዳደር ይችሉ ነበር። ዌብ ዴቨሎፐር የነበረው በአጭር ጊዜው ዝርዝር ነው። ለእሱ 189 ዝግ ነው። ወይ 190፣ ወይ የገጠሩ 491። ሁለቱም አንድ የአውስትራሊያ ስቴት «ይህን ሰው እፈልገዋለሁ» እንዲል ይጠይቃሉ። አንድ አኃዝ ነው ልዩነቱ፣ ከ2 ወደ 3። አንዱ በራሱ በር ያንኳኳል፣ ሌላው ዋስ ይዞ ይመጣል።

ቦሌ አካባቢ አንድ የጉዞ አማካሪ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቶቼን በአንድ ጣቱ እየገለበጠ አያቸውና «ወንድሜ፣ 261312 አድርገው» አለኝ። «ዌብ ዴቨሎፐር ምን ያደርግልሃል? ያው ኮድ መጻፍ አይደል?»

ሰውየው ቀጣፊ ነው ማለት አልችልም። ግማሹ እውነቱን ነው። የአይቲ ሰዎችን ሙያ ለቪዛ የሚመዝነው የአውስትራሊያ ኮምፒውተር ማኅበር የሥራ መደብህን ስም አይቶ አይፈርድም፣ ምን ስትሠራ እንደዋልክ ነው የሚያየው። በደብዳቤ ዌብ ዴቨሎፐር ተብሎ ቀኑን ሙሉ የፕሮግራመር ሥራ የሚሠራ ሰው ሞልቷል። እሱ 261312 ቢል አልዋሸም። ጥያቄው እኔ እሱ ነኝ ወይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ደብተር ይዤ ቁጭ አልኩ። የሠራኋቸውን ዌብሳይቶች አንድ በአንድ ጻፍኩ። ከጎናቸው የትኛውን ከባዶ እንደጻፍኩት፣ የትኛውን ዎርድፕረስ በሚባለው የተዘጋጀ የዌብሳይት መሥሪያ ላይ ጭኜ ቀለም እንደቀየርኩለት አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ከዚያ በፊት ሠርቼ አላውቅም። የሠራኸውን ሥራ በሰዓት መስፈር ትንሽ ያሳፍራል። ስጨርስ ሁለት ሦስተኛው ዎርድፕረስ ነበር። ቀሪው ራሴ በፒኤችፒና በላራቬል የጻፍኩት ኮድ። ፕሮግራመር አይደለሁም ማለት አይደለም፤ ግን ማስረዳት የምችለው 261212ን ነው። እሱን ያዝኩ።

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቷል የተባለ አመልካች ሦስት ዓመት እንደሚታገድ አንብቤ ነበር።

ከዚያ ወደ ድሮው መሥሪያ ቤቴ፣ ደብዳቤ ልለምን። መዛኞቹ የሚፈልጉት ዝርዝር ነው። ምን ሠራ? በሳምንት ስንት ሰዓት? ቋሚ ነው ኮንትራት? ከመቼ እስከ መቼ? የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። አሮጌው ደብዳቤዬ «ከጥር 2008 እስከ ሐምሌ 2011» ይላል። ዓ.ም. የሚለውን የሚያውቅለት በሌለበት አገር ያ ማለት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ሥራ ጀመርኩ ማለት ነው። በፈረንጆቹ 2008 እኔ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ትክክለኛው ከጃንዋሪ 2016 እስከ ጁላይ 2019 ነው።

ጸሐፊዋ አሁንም እዚያው ናት። «የኔ ልጅ፣ ከስተሃል» አለችኝ ገና ከበሩ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የፈለግኩትን ሰምተው ተከዙ።

«እኛ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፈን አናውቅም» አሉ።

«ይገባኛል ጋሼ፣ ግን ይህ ከሌለ አይቀበሉኝም።»

«በቃ አንተ ዘርዝረህ አምጣ፣ እኛ እንፈርማለን።»

ዘርዝሬ ወሰድኩ። ከመዝገቡ ቃል በቃል ላለመገልበጥ ተጠንቅቄያለሁ፤ ገልባጭ ብዙ ስለሆነ መዛኞቹ ይህን ያውቃሉ። መነጽራቸውን አድርገው መስመር በመስመር አነበቡት። የደንበኛን ፍላጎት ማጥናት። ዳታቤዝ ማዋቀር። የክፍያ ገጽ መሥራት። መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ። አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይህን ሁሉ አንተ ነበርክ የምትሠራው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ጭማሪ አልጠየቅክም?»

ሁለቴ ጠይቄያለሁ። ዝም አልኩ፣ ማኅተሙ በእሳቸው እጅ ነው። ከዚያ እስክሪብቶ አንስተው «አንድ ነገር ረስተሃል» አሉ። «ፕሪንተሩን ትጠግን አልነበር? ይጨመር እንጂ።» ሊያመሰግኑኝ ፈልገው ነው፣ ከልባቸው። ፕሪንተሩ እንዳይጻፍ ሩብ ሰዓት ለመንኳቸው። ሥራዬን እንዲቀንሱልኝ የለመንኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

የቪዛውን ነጥብ ልንገራችሁ። ለማመልከት ብቻ ዝቅተኛው 65 ነው፤ ለመጠራት ግን በጣም ከዚያ በላይ ይጠየቃል። ዕድሜዬ 31 ስለነበር 30 አገኘሁ። ለዲግሪ 15። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በሁሉም 7 ካመጣህ 10 ይሰጥሃል፣ እኔ በጽሑፉ 6.5 አምጥቼ ወድቄ በሁለተኛው ነው ያለፍኩት። ላላገባ ሰው 10 ነጥብ አለ። አዎ፣ ላላገባ። እናቴ በየፋሲካው የምትቆጣኝን ነገር አውስትራሊያ 10 ነጥብ ሰጠችበት። ስነግራት «ይኸው ነው የጎደለን» ብላ ቡናዋን ማፍላት ቀጠለች።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ለአማርኛ የሚሰጠው 5 ነጥብ ነው። ናቲ የሚባለው የአስተርጓሚዎች መዛኝ ተቋም የማኅበረሰብ ቋንቋ ፈተና አለው። አማርኛም በዝርዝሩ ውስጥ አለ። ሁለት ንግግር ያሰሙሃል፤ በአንድ ወገን እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ በሌላው አማርኛ ተናጋሪ። እያንዳንዱ ወደ 300 ቃል ነው፣ ከ35 ቃል በማይበልጥ ቁራጭ ይቆራርጡታል። አንዱ ሲጨርስ በሌላው ቋንቋ ትላለህ። ከ90 63፣ ከእያንዳንዱ ንግግር ደግሞ ቢያንስ 29 ማምጣት አለብህ።

አማርኛ በመናገር 5 ነጥብ! ሊሰጡኝ የተቀመጡ መሰለኝ። ከዚያ አብሮ አደጌ በስልክ ያለማምደኝ ጀመር። ሐኪም ሆኖ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ቀጥሎ አማርኛ ተናጋሪ እናት ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ተንተባተብኩ። «አፕሎድ አድርጊው» አልኩ። «ፎርሙን ሰብሚት አድርጊ» አልኩ። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «እናትየው እንግሊዝኛ ስለማትችል እኮ ነው አንተ የተጠራኸው።» ቀኑን ሙሉ ከማሽን ጋር በእንግሊዝኛ ስኖር አማርኛዬ ግሱ ሁሉ «አድርግ» ሆኖ ቀርቷል። ሁለት ወር እየተመላለስኩ «አስገቢ»፣ «አያይዢ»፣ «ቅጹን ሙዪ» ማለትን ተማርኩ። ፈተናው ኦንላይን ስለነበር መብራት እንዳይጠፋብኝ ጀነሬተር ካለው የጓደኛዬ ቢሮ ተቀምጬ ተፈተንኩ። በ66 አለፍኩ። በእናቴ ቋንቋ ለጥቂት ተረፍኩ ማለት ነው።

የምዘናው ውጤት በኢሜይል መጣ። ተሳክቷል፤ 261212 ሆኛለሁ። ቀጥሎ ግን አንድ መስመር አለ። ከጃንዋሪ 2018 በኋላ ያለው ሥራ ብቻ በሙያው ደረጃ የተሠራ ሆኖ ይቆጠራል ይላል።

ሕጉ ይህ ነው፦ የአይቲ ዲግሪህ ከሙያው ጋር በቅርብ የሚገናኝ ከሆነ ከልምድህ ሁለት ዓመት ይቀነሳል፣ ካልተገናኘ አራት። ሁለቱ ዓመት «ባለሙያ የሆንክበት» ነው፣ ነጥብ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ባለሙያ ሆነህ የሠራኸው ነው። ከድሮው መሥሪያ ቤት በኋላ የሠራሁት ተጨምሮ የእኔ ስድስት ዓመት አራት ሆነ፤ አራት ዓመት 5 ነጥብ ነው። አመክንዮው አይጠፋኝም። ሐኪምም ኢንተርን ይሆናል።

ግን እነዚያ ሁለት ዓመታት ምን እንደነበሩ አስታወስኩ። በኦክቶበር 2016 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ደንበኛው ዌብሳይቱን ለማየት መንገድ የለውም። ስለዚህ ዌብሳይቱን በፍላሽ እይዝና ታክሲ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። መርካቶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ውስጥ፣ ጣቃ ላይ ላፕቶፕ አስቀምጬ፣ በራሴ ማሽን ላይ እያስኬድኩ አሳያለሁ። «ታዲያ ሰው ሁሉ ፍላሽ ይዞ ሊመጣ ነው?» አለኝ አንዱ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላው የፊደል ጣጣ ነው። ደንበኞች ጽሑፋቸውን በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ጽፈው ያመጡ ነበር። እነዚያ ፎንቶች ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ የሚያውቀው የፊደል አመዘጋገብ፣ አልነበሩም። ከፋይሉ ቀድተህ ዌብሳይት ላይ ስትለጥፈው አማርኛው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ሌላው ሰው እንደገና ያስተይበዋል። እኔ ተናደድኩና ቀያሪ ፕሮግራም ለመጻፍ ተነሳሁ። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል አንድ በአንድ፣ ይህ ምልክት «ሏ» ነው፣ ይህ «ቋ» ነው እያልኩ ሰንጠረዥ ሠራሁ። አንዳንዱ ፊደል ከሁለት ምልክት ነው የሚገጣጠመው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ካልጠበቅክ ሁሉም ይበላሻል። ሦስት ሳምንት ከሥራ ሰዓት ውጭ ፈጀብኝ። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የታሪክ ጽሑፍ፣ አርባ ገጽ፣ በአንድ ጊዜ ንጹሕ አማርኛ ሆኖ ሲወጣ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

በሕይወቴ ከጻፍኩት ኮድ ሁሉ ከፕሮግራመር ሥራ ጋር የሚመሳሰለው ያ ነው። የጻፍኩት በ2017 ነው። በተበሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ። ከ2018 በኋላ የሠራሁት፣ ባለሙያ ተብዬ ነጥብ ያገኘሁበት፣ ባብዛኛው ዎርድፕረስ ነበር።

የቀረውን አላረዝመውም። 75 ነጥብ ነበረኝ፣ አንድ ስቴት ቢጠራኝ ከ190 ጋር 80፣ ከ491 ጋር 90 ይሆን ነበር። ፍላጎቴን በሲስተማቸው አስመዘገብኩ። ብዙዎቹ ስቴቶች በወረርሽኙ ጊዜ በራቸውን የከፈቱት እዚያው አገር ውስጥ ላሉት ነበር። ድንበሩ በፌብሩዋሪ 2022 ሲከፈት ደስ አለኝ፤ ኢሜይል ግን አልመጣም። ለአንድ ዓመት ያህል ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ መጀመሪያ የማየው ኢሜይሌን ሆነ። 33 ዓመት የሞላኝ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ ገዝተው አስደነገጡኝ። እኔ ደግሞ የዕድሜ ነጥቤ ከ30 ወደ 25 መውረዱን እያሰብኩ ነበር ሻማ ያጠፋሁት። ከዚያ የምዘናው ደብዳቤ የሁለት ዓመት ጊዜው አለፈ። አላሳደስኩትም። ለምን እንዳላሳደስኩት እስካሁን አጥርቼ አላውቅም፤ ደክሞኝም ይሆናል፣ አዲሱ ሥራዬ ስለተመቸኝም ይሆናል። በዲሴምበር 2024 የአውስትራሊያው ስታቲስቲክስ ቢሮ አንዝስኮን ትቶ ኦስካ የሚባል አዲስ መዝገብ እንዳወጣ ሰማሁ። አላነበብኩትም።

ባለፈው አብራኝ የምትሠራ ልጅ ቢሮዬ መጣች። አሁን ደብዳቤ ፈራሚው እኔ ነኝ። ለካናዳ ነው። በካናዳ የሙያ መዝገብ ዌብ ዴቨሎፐር 21234 ነው። ድሮ ዲዛይነሩና ዴቨሎፐሩ 2175 በሚል አንድ ቁጥር ይኖሩ ነበር፣ በመዝገቡ የ2021 እትም ተለያዩ። በ2023 ካናዳ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ባለሙያዎች ልዩ የጥሪ ዙር ስትጀምር ሁለቱም በዝርዝሩ ነበሩ። በፌብሩዋሪ 2025 ዝርዝሩ ሲታደስ ወጡ።

«ማን እንደገባ ታውቃለህ?» አለችኝ። «የኢንሹራንስ ኤጀንት።»

«በሳይንስና ቴክኖሎጂ?»

«በሳይንስና ቴክኖሎጂ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ቢሆንም በአጠቃላዩ ዙር ልሞክር ብላለች። የሠራችውን ዘርዝራ አምጥታለች፣ አንድ ገጽ ተኩል። አነበብኩት። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት አላካተተችም። ለምን አልኳት። «ያኔ እየተማርኩ ነበር፣ አይቆጠርም ብዬ ነው» አለች። ያኔ የሠራችውን አስታውሳለሁ፤ የአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ ነው፣ ዛሬም ይሠራል። ጻፊው አልኳት። ወንበር ስቤ አብረን ጨመርነው። ቀኑን በእኛም በእነሱም አቆጣጠር አስቀመጥኩ።

«በሳምንት ስንት ሰዓት ነበር የምትሠሪው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ቅዳሜን ጨምሬ?»